የራሰ በራዋ ክላክስ

ሰሞኑን መኪናዬ ጋራዥ ገብታለች። በደወልኩ ቁጥር ሜካኒኩ "ዕቃው ነገ ይገባል እህቴ" ይለኛል፤ ነገ የሚባለው ቀን ግን እስካሁን አልመጣም። መስቀል ደርሷል። አባቴ ወልቂጤ ሆኖ ይጠብቀኛል፤ እኔ አዲስ አበባ ሳሎኔ ውስጥ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እንቆራጠጣለሁ። ትናንት አላስችል ብሎኝ ጋራዡ ድረስ ሄጄ ስጨቀጭቃቸው፣ ቤንዚንና የተቃጠለ ዘይት አንድ ላይ ሸተተኝ። አለቀ። እዚያው በቆምኩበት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ፤ ግቢያችን ውስጥ፣ አቮካዶው ዛፍ ሥር፣ ራሰ በራዋ አጠገብ።

ራሰ በራዋ የአባቴ መኪና ናት። ስሟን ያወጡላት የሰፈራችን ልጆች ናቸው፤ ጣሪያ የላትማ! የእንግሊዝ ሥሪት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ አረንጓዴ ስፖርት መኪና ነች። አባቴ ወልቂጤ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ከመክፈቱ በፊት አዲስ አበባ ይነግድ ነበርና፣ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ላይ ገዛት። ወልቂጤ የገባችው ግን እየተነዳች አይደለም፤ አይሱዙ ላይ ተጭና፣ በገመድ ተጠፍራ ነው። እማዬ ያን ቀን ዞራ ዞራ አየቻትና "ግማሿን የት ጥለሃት መጣህ?" አለችው። አባቴ ተቀየማት፤ እስከ ማታ አላናገራትም።

አባቴ ማረፍ የማያውቅ ሰው ነበር። ቁጭ ሲል እንኳ ጉልበቱ ይርገበገባል፤ ምሳውን የሚበላው ግማሹን ቆሞ ነው። ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ ልብሱን ሳይቀይር፣ የደረቀ የእንሰት ቅጠል መሬት ላይ ያነጥፍና ከመኪናዋ ሥር ይገባል። የእሱ እጅ የማይገባበት ቦታ ሁሉ የእኔ ነበር። የወደቀ ብሎን ማውጣት፣ ካንዴላ በአሸዋ ወረቀት መፈግፈግ፣ ሽቦ ከዚህ አስገብቶ በዚያ መሳብ የኔ ሥራ ነው። እማዬ የትምህርት ቤት ልብሴን እያየች "ይቺን ልጅ ማን ያገባልኛል!" ትላለች፤ እኔ ደግሞ ጥፍሬ ውስጥ ያለውን ጥቁር ግራሶ ለክፍል ጓደኞቼ እንደ ቀለበት አሳያለሁ። ያን ጊዜ ከራሰ በራዋ ሌላ ነገር አይታየኝም ነበር።

አባቴ እንዲያ ይጣደፍ የነበረው በምክንያት ነው። የጉራጌ ልጅ የትም ይሁን የት ለመስቀል አገር ቤት ይገባል። ካልገባ ወይ ታሟል፣ ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ከስሯል። አባቴ አንዱንም ሳይሆን ሁለት መስቀል ቸሃ፣ ከእምድብር አለፍ ብሎ ወዳለው አያቴ ቤት ሳይሄድ ቀረ። ለምን ቢሉ፣ ራሰ በራዋን የገዛ ዕለት ለአንድ ያገሩ ሰው "ለአባቴ መኪና ገዛ በልልኝ፤ ለመስቀል በእሷ እመጣለሁ" ብሎ ልኮበታል። ወሬው አገሩን አዳረሰ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብሎ በሚኒባስ ይሂድ! "መኪና አለው ከተባለ በኋላ ዶሮ ታቅፎ መጣ ልባል?" ይላል። አያቴ በመጣ ሰው ሁሉ "ዓይኔ ሳይፈስ ና በሉት" እያለ ይልካል፤ አባቴም በሄደ ሰው ሁሉ "ትንሽ ነው የቀራት" እያለ ይመልሳል።

በዚያ ዓመት ግን ከቸሃ የመጣው መልእክት ሌላ ሆነ። አያቴ ክረምቱን ከአልጋ ሳይወርድ ከርሟል። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ "በሚኒባስ እንሂድ፤ ሰውዬው ሳታየው ይሞትብሃል" አለችው። አባቴ ፊቱ ተለዋወጠ። ይሄዳል ብዬ ነበር። "ለመስቀል ትደርሳለች አልኩ እኮ!" ብሎ ካቻቢቴውን አነሣና ከሥሯ ገባ። እግሩ ብቻ ይታየኝ ነበር።

የሚያግዘው ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱ ነው። የቡታጅራ ሰው፣ የፒካፕና የአይሱዙ ኤሌክትሪክ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራ፣ ወሬና ሳቅ የማያልቅበት ሰው ነበር። ራሰ በራዋ ግን ተጫወተችበት። ሞተሯ አንድ ጊዜ ይነሣል፣ እንደ ሽማግሌ ያስላል፣ ይጠፋል። ዳሽቦርዷ ላይ የባትሪውን ነገር የምታሳይ ትንሽ ቀስት አለች፤ ሁልጊዜ "እየሞላሁ ነው" ትላለች፤ በማግስቱ ባትሪው ባዶ ነው። "ወላሂ እንደዚች ያለች ውሸታም አላየሁም" ይላል ጋሽ ሸምሱ። ካንዴላዎቹ ተቀየሩ፣ ካርቡራተሩ ተፈትቶ በቤንዚን ታጠበ፣ ዲናሞው ወርዶ ተጠርጎ ተመለሰ። የማይበላሸው ክላክሷ ብቻ ነበር። ሞተሩ ጸጥ ብሎ እንኳ ክላክሷ እንደ ተቆጣ ወይፈን ያገሳል። ጎረቤቶቻችን በአጥር ላይ ብቅ ይሉና "ዛሬም ክላክስ ብቻ ነው?" ብለው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ባትሪው ሲታሰር ቆሜ አየሁ። ባትሪ ሁለት ጫፍ አለው፤ ፖዘቲቩ ወፈር፣ ኔጌቲቩ ቀጠን ይላል። ጋሽ ሸምሱ በሚያውቀው መኪና ሁሉ ከመኪናዋ አካል ጋር የሚታሰረው ኔጌቲቩ ነው፤ ስለዚህ እዚህም እንደዚያው አሰረ። ማሰሪያዎቹ ግን እንቢ አሉ። አንዱ ሰፋ፣ ሌላው ጠበበ። የሰፋውን ከድልህ ጣሳ በተቆረጠ ቆርቆሮ ጠቀጠቀው፤ የጠበበውን በካቻቢቴ ፈልቅቆ በመዶሻ መታው። እኔ "ጋሽ ሸምሱ፣ ወፍራሙን ለሰፊው ብትሰጠውስ?" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" አለኝ። አባቴም አብሮ ሳቀ። እንዴት እንደ ተናደድኩ! ዛሬም ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል።

የመስቀል ዋዜማ ጠዋት ወልቂጤ ሰው በሰው ሆናለች። መናኸሪያው አጥር ሊያፈርስ ደርሷል፤ ከአዲስ አበባ የመጣው ሁሉ ጋቢና ቡና ተሸክሞ ወደየአገሩ ይጋፋል። እማዬ ለአያቴ የተገዛውን ብርድ ልብስ በሻሽ ጠቅልላ በራፉ ላይ ቆማለች፤ "ሚኒባሱ ገና አላመለጠንም" ትላለች፤ ሦስት ጊዜ ሳትለው አልቀረችም። አባቴ ቻርጅ ሲደረግ ያደረውን ባትሪ ከጋሽ ሸምሱ ቤት ትከሻው ላይ አድርጎ እየሮጠ መጣና ቦታው ላይ ዶለው። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አለች እማዬ። አልሰማትም። ማሰሪያውን ሲያጠልቀው ሸርተት ብሎ ገባ፤ ሁለተኛውም ገባ። የድልህ ጣሳው ቆርቆሮ መሬት ላይ ወደቀ። "ዛሬ ምን ነካት? ወደደችኝ እኮ!" አለ አባቴ።

እኔ አይቻለሁ። ባትሪውን ገልብጦ ነው ያስገባው። ወፍራሙ ለሰፊው ሆኗል። እንዳይመልሰው ብዬ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። አባቴ ወንበሯ ላይ ዘሎ ገባና አስነሣት። አላሳለችም። አንድ ጊዜ ጮኸችና ቀጥ ብላ ያዘች፤ አቮካዶው ላይ የነበሩት ወፎች ግልብጥ ብለው ወጡ። ጋሽ ሸምሱ ድምፁን ሰምቶ በሽርጡ እየሮጠ መጣ፤ ባትሪውን ሲያይ ራሱን ያዘ። "ገልብጠህ ሰጠሃት! አጥፋት፣ ትቃጠላለች!" ይላል። አባቴ ደግሞ "ትቃጠል! እየሄደች ትቃጠል!" እያለ ይጮኻል። ጋሽ ሸምሱ ቀስቷን አየ፣ መሬት ላይ ያለውን ቆርቆሮ አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። "ሱብሃነላህ" አለ፤ "ልጅ ያቦካው ለራት በቃ!" የድሮ እንግሊዞች ከመኪናው አካል ጋር የሚያስሩት ፖዘቲቩን እንደ ነበር ያወቅነው ቆይተን ነው።

መንገዱን እንዴት ልንገራችሁ! የራሰ በራዋ መሪ በቀኝ በኩል ስለሆነ እማዬ እኔን ታቅፋ የተቀመጠችው በሌላው መኪና ሾፌር በሚቀመጥበት በግራ በኩል ነው። በየመንደሩ የሚያየን ሁሉ "ሴትዮዋ ልጅ ታቅፋ ያለ መሪ ትነዳለች!" እያለ ይጮኻል። እማዬ መጀመሪያ ፊቷን ሸፈነች፤ እምድብር ስንደርስ ግን እጇን እያወዛወዘች ሰላምታ ትሰጥ ነበር። ነፋሱ የባሕር ዛፍና የእርጥብ አፈር ሽታ ፊታችን ላይ ይረጫል። አባቴ በደስታ ክላክሱን እየነካ "ደረስን አባዬ፣ ደረስን!" ይላል፤ እዚያ ያለ ይመስል።

ከዋናው መንገድ ወጥተን ጀፎሮው ላይ ወጣን፤ በቤቶቹ መካከል የሚዘረጋው ያ ሰፊ የሣር መንገድ ላይ። የአያቴ ቤት ጣሪያ ከእንሰቱ በላይ ይታያል። እዚያ ላይ፣ ሣር ውስጥ የተደበቀ ድንጋይ ሆዷን መታት። ቋ! ወደ ኋላ ስዞር ጥቁር ዘይት አረንጓዴው ሣር ላይ እየተከተለን ነው። አባቴ ሞተሩን አጠፋ።

ብርድ ልብሱን ይዞ ይሄዳል ብላችሁ እንዳታስቡ። ኮቱን አውልቆ ከሥሯ ገባ። ወጣ። ዞራት። ጎማዋን መታት። ተመልሶ ገባ። "እዚህ ድረስ መጥቼ በእግሬ አልገባም፤ እናንተ ሂዱ" አለ ከሥር። እማዬ ያን ጊዜ ፈነዳች። "የታመመው የማን አባት ነው? የአንተ ወይስ የእንግሊዟ?" እሱ ብሎን ማጥበቁን ቀጠለ። ቤቱ እኮ ይታያል! ውስጡ ያለው ሽማግሌ በሕይወት ይኑር አይኑር አናውቅም። እኔ ያን ሁሉ መቋቋም አቃተኝ፤ ወንበሩ ላይ ወጥቼ ክላክሱን ተጫንኩት። አለቀቅሁትም።

ሰዉ ከየቤቱ ወጣ። በመጨረሻ አያቴ በሁለት ጎረምሶች ተደግፎ፣ ጋቢው እየተጎተተ፣ ዱላውን እየተከለ መጣ። ከስቷል፤ ዓይኖቹ ብቻ ናቸው የቀሩት። መኪናዋን አልፎ የአባቴን እግር አየና በዱላው ነካ አደረገው። አባቴ ዘይት በዘይት ሆኖ ከሥሯ ወጣ፤ "መኪናዬ ተበላሽታብኝ እኮ ነው አባዬ" አለ፤ ልክ እንደ ልጅ። አያቴ በአገሩ ቋንቋ "መኪናውን ማን ጠራው? እኔ የጠራሁት ልጄን ነው" አለው። አባቴ የአያቴ ጉልበት ላይ ተደፍቶ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ እኔም አለቀስኩ፤ እማዬ እየሰደበችው አለቀሰች።

ጎረምሶቹ ራሰ በራዋን እየዘፈኑ ሊገፏት ሲጀምሩ አያቴ እጁን አነሣ። እሱን መሪው ጋ አስቀመጥነው። "የትኛው ነው የሚጮኸው?" አለኝ። አሳየሁት። ጀፎሮውን ሙሉ፣ እስከ ደጁ ድረስ፣ እየሳቀ ሲያስጮኻት ሄደ። አባቴ ከኋላ ይገፋል፤ በእግሩ ነው አገሩ የገባው።

በሚቀጥለው መስቀል አያቴ አልነበረም። አባቴ ያን ዓመት በሚኒባስ ሄደ፤ ዶሮ ታቅፎ። ወልቂጤ የተመለሰችው ራሰ በራዋ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ቀረች። ከዚያ ወዲህም አንድም መስቀል ሳይሄድ አልቀረም፣ ጉልበቱ እንቢ እስኪለው ድረስ።

አሁን ያኔ አያቴ የነበረበት ዕድሜ ላይ ደርሷል፤ እኔ ደግሞ ያን ዕረፍት የለሽ እግሩን ወርሻለሁ። የእኔ መኪና ጣሪያ አላት፣ ባትሪዋም እንዴት እንደሚታሰር ማንም ያውቃል። ግን ያኔ በተሰበረች መኪና ደርሰናል፤ እኔ ዘንድሮ በዘመናዊዋ መድረስ አቅቶኛል። ዛሬ ጠዋት ደወልኩለት። "አባዬ፣ መኪናዬ ገና አልወጣችም፤ ዕቃው ነገ ይገባል ብለውኛል። እሷ እንደወጣች…" የተቀየመኝ መሰለኝ። ከዚያ ነጠላ ጫማው ሲንሻፈፍ ሰማሁ፤ የበሩ ማጠፊያ ጮኸ፤ ሸራ ሲገፈፍ ተንኮሻኮሸ። "አባዬ? የት እየሄድክ ነው?" አልኩት።

ክላክሷ ጮኸች። ያቺው፣ እንደ ተቆጣ ወይፈን። ተጫናት፤ አለቀቃትም።

የመኪናዬን ትርፍ ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወደ መናኸሪያ ወጣሁ።