የቶማስ መንደርና የእትዬ ፋናዬ ደብዳቤ

ልጅ ሳለሁ፣ እግሬ ያልረገጠውን አንድ የአሜሪካ መንደር ከምንኖርበት ከጅቡቲው ካርቲዬ ዶ ሰፈር ይልቅ አጥርቼ አውቀው ነበር። ወንዙ በየት በኩል እንደሚታጠፍ፣ መጀመሪያ የሰፈሩበት እነማን እንደሆኑ፣ ወጣቱ ለምን ነቅሎ እንደሄደ በቃሌ ይዤዋለሁ። ያስተማሩኝ ጎረቤታችን እትዬ ፋናዬ ናቸው። እሳቸውም አሜሪካን አይተው አያውቁም።

እትዬ ፋናዬ ቀን ቀን የአሜሪካ ወታደሮች ካምፕ ውስጥ ልብስ ያጥባሉ፣ ሲመሽ ደግሞ ለሰፈሩ ሰው በከሰል ካውያ ይተኩሳሉ። ያኔ ሙቀቱ በሚበረታባቸው ወራት መብራት በየምሽቱ ስለሚጠፋ፣ የግቢው ልጆች በእሳቸው ፋኖስ ዙሪያ እንሰበሰብ ነበር። ካውያው ሲከፈት ፍሙ ፊታቸውን ያቀላዋል፤ እርጥብ ሸሚዝ ላይ ሲያርፍ ከእንፋሎቱ ጋር የከሰል ጭስ ሽታ ይወጣል። እሳቸውም ዓይናቸውን ከኮሌታው ሳያነሱ የቶማስን መንደር ይተርኩልናል።

ቶማስ ልብሱን ሊወስድ በመጣ ቁጥር ቁጭ ብሎ፣ እሳቸው ካምፑ ውስጥ በለመዷት እንግሊዝኛ፣ የሚያጫውታቸው ወጣት ወታደር ነበር። የመንደሩን ስም እትዬ ፋናዬ አስተካክለው መጥራት ስላልቻሉ የቶማስ መንደር ብለን አስቀረነው። ሁለት ወንድማማቾች ወንዝ ዳር ወፍጮ ተክለው ቆረቆሩት። ወንዙ በሦስት ጎን ይከበዋል፤ በረዶ ሲወርድ መንገዱ ይዘጋል። ባቡር ያልፍበት በነበረ ጊዜ ደምቆ ነበር፣ ባቡሩ ሲቀር ግን ሱቁም ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። መግቢያው ላይ የነዋሪው ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሟል፤ ሕፃን ሲወለድ አንድ ሽማግሌ ቀለም ይዘው ሄደው ቁጥሩን ያስተካክላሉ። ይህን ቶማስ ይንገራቸው ወይ ከራሳቸው ይጨምሩት እንጃ፣ እኛ ግን ዛሬስ ተወለደ ወይ እያልን በየምሽቱ እንጠይቃቸው ነበር።

ቶማስ አገሩ ከገባ ከጥቂት ወራት በኋላ በጓደኛው እጅ የመንደሩን ጋዜጣ ላከላቸው። አራት ገጽ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ከግቢው ልጆች በእንግሊዝኛ የምሻለው እኔ ስለነበርኩ እንዳነብላቸው ጠሩኝ። ደስታቸው ሌላ ነበር፤ እናቴንም ትስማ ብለው አስጠሯት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ልብስ ታቅፈው የቆሙበት ፎቶ አለ። ከሥሩ «የአገሬው ልብስ አጣቢ» ይላል።

ጽሑፉን እያነበብኩ በአማርኛ እመልስላቸው ጀመር። ትንሽ እንደሄድኩ አንድ መስመር ዘለልኩ።

«ሳትዘይ አንብቢው» አሉኝ።

አነበብኩት። ቶማስ ለመንደሩ ሰው ጅቡቲ ውስጥ ከሙቀትና ከድንጋይ በቀር ምንም የለም ብሏል። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፣ ግን ታሪክ የላቸውም፣ ከየት እንደመጡ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም ብሏል።

«ስሜስ?»

«የለም፣ እትዬ።»

ካውያውን ከልብሱ ላይ አንስተው አቆሙት። አባታቸው በኢትዮጵያና በጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ ባለችው አዲጋላ ጣቢያ ሐዲድ ሲጠግኑ ኖረው እዚያው እንደተቀበሩ፣ እሳቸውም እዚያው ተወልደው በባቡር ጅቡቲ እንደገቡ ያን ጊዜ ነገሩን። ቶማስ ስለ መንደሩ የቀረ ባቡር ሲያወራቸው እርስዎስ ከየት ነዎት ብሎ ጠይቋቸው፣ እሳቸውም ይህንኑ አጫውተውት ኖሯል፤ ጣቢያውን፣ ቤቶቹን፣ የሰዎቹን ስም ሳይቀር። ራሱን እየነቀነቀ ሰምቷቸው ነበር።

ወዲያው ደብተር አምጪ አሉኝና ለጋዜጣው ደብዳቤ ያስጽፉኝ ጀመር። እናቴ ፈርታ፣ ካምፑ ከሰማ ከሥራ ያስወጣዎታል፣ ይቅርብዎ አለቻቸው።

«ብባረር ልባረር» አሏት። «ታሪክ የለውም የተባለው አባቴ ነው።»

በመጀመሪያ ለቶማስ እናት ሰላምታ አቀረቡ፤ ወንዛቸውንና ወፍጯቸውን እንደሚያውቁ ገለጹ። ከዚያ አዲጋላን አስከተሉ፤ በየት በኩል እንዳለ፣ ውሃው ከየት ይመጣ እንደነበር፣ ማን ከማን ቤት አጠገብ ይኖር እንደነበር። ሁለት ምሽት ሙሉ ጻፍን። የማላውቀውን ቃል ከመዝገበ ቃላት እየፈለግኩ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩትና፣ ለመልሱ የአባቴን የፖስታ ሳጥን ጽፈን ጋዜጣው ላይ ወዳለው አድራሻ ላክነው።

ብዙ ቆይቶ መልሱ መጣ፤ ሌላ ጋዜጣ። ደብዳቤው ወጥቷል። በላዩ «ከጅቡቲ የመጣ የምስጋና ደብዳቤ» ተብሎ ተጽፎ፣ ሰላምታውና የወንዙ ነገር ብቻ ታትሟል። አዲጋላ የለም። አባታቸው የሉም። ሁለት ምሽት የለፋንበት ሁሉ ተቆርጦ ተጥሏል።

«ምን አድርገውልኝ ነው የማመሰግናቸው?» አሉ እትዬ ፋናዬ፣ ቀስ ብለው።

ጋዜጣውን ልቀደው ስል ከእጄ ወሰዱት። ሌላ ደብዳቤ እንጻፍ አልኳቸው፤ እንቢ አሉ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ የነገሩን አዲጋላን ብቻ ነው። ትናንሾቹ ልጆች የበረዶው መንደር ይሻለናል ብለው ሲያጉረመርሙ፣ የፈለገ ይሂድ ይሉ ነበር። እኔ እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ፣ የነገሩንንም በደብተር ጻፍኩት።

እትዬ ፋናዬ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ንዴቱ አሁንም አልበረደልኝም፤ ሰው ስለ ጅቡቲ ምን አለ እዚያ ብሎ በጠየቀኝ ቁጥር ይነሳብኛል። ግን በቶማስ ላይ ብቻ ልጨርሰው ስል የማልሸሸው ነገር አለ። እሱ ቢያንስ ጠይቋቸው ነበር። እኔ ሦስት ዓመት እግራቸው ሥር ተቀምጬ የባዕድ መንደር ሕፃናት ስቆጥር፣ አንድ ምሽት እንኳ «እርስዎስ እትዬ፣ የት ተወለዱ?» ብዬ አላውቅም።