የኋላው አግዳሚ የአያ ታከለ ነው

ሐምሌ ፲፪ ቀን፣ የሚካኤል ዕለት፣ ጎንደር።

ሰው እንዲያነበው ብዬ ጽፌ አላውቅም። ይህን ወረቀት በሥልጠናው ቤት በር ላይ የምለጥፈውም ግራ ቀኝ እያየሁ ነው። ግን ዝም ማለት አልቻልሁም።

አያ ታከለ ሞቱ አሉን።

ጠዋት ዘበኛው ሲነግረን "የትኛው ታከለ?" አልሁ፤ ሌላ ታከለ እንደሌለን እያወቅሁ። ትናንት እኮ ጃንጥላቸውን ዘርግተው "ነገ እንዳታረፍዱ" ብለውን ነው የወጡት። አሁን ከቀብራቸው መመለሳችን ነው። ጫማዬ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። በየገጠሩ ፊደልና ሒሳብ የምናስተምር ሰዎችን ክረምት ክረምት እየሰበሰቡ ማስተማርን የሚያሠለጥኑን እሳቸው ነበሩ። እኔ ከአይከል የመጣሁት፣ የሁሉም ታናሽ ነኝ።

መጀመሪያ ሰሞን ቦርሳቸውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው እስከ ምሳ ይናገሩ ነበር። "ገባችሁ?" ሲሉን ባንድ ድምፅ "ገባን!" እንላለን።

አንድ ቀን የሰፈር ልጆች ሰብስበው አመጡና "በሉ፣ አስተምሩ" አሉን። ጉድ ፈላ! ለልጆቹ ስለ ማስተማር ንግግር አደረግንላቸው እንጂ አንድ ፊደል አላስያዝናቸውም። ይቆጡናል ብለን ስንጠብቅ "ምን ታደርጉ፣ እኔን ነው የመሰላችሁ" አሉ።

በማግስቱ ያለ ቦርሳ ገቡ። ኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና "ዛሬ እኔ ልጅ ነኝ፤ አስተምሩኝ" አሉ።

ቀልደኛችን የሳንጃው መሰለ "ልጅ ከሆኑማ ያን ጢም ይላጩት!" ብሎ አሳቀን። ወደ ፊት ወጥቶም ባቄላ ደርድሮ መደመር ጀመረ።

"አምስትና ሦስት ስንት ነው?"

"ሰባት" አሉ አያ ታከለ።

መሰለ ባቄላውን አየ። እሳቸውን አየ። "ልክ ነው" አለ።

"ምነው መሰለ? ቁጠረው እንጂ!"

"እርስዎ ሰባት ካሉ እኔ ማን ነኝ፣ አያ!"

ማንም አልሳቀ። ታላቅ ሰው ማረም ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺስ?"

"ስምንት ነው... ይቅር ይበሉኝ።" ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝ። እሳቸው ግን ሰሙ።

"ሸጋ! ለካ 'ገባን' የምትሉኝ ስለምታፍሩኝ ነው። ከእንግዲህ ገባን አትበሉኝ፤ አሳዩኝ።"

ከዚያ ወዲህ ሥልጠናው ሌላ ሆነ። አንዳችን ወጥተን ትንሽ እናስተምራለን። የከበደውን ነገር ያስተማረው ራሱ ቀድሞ ይናገራል፤ ሌሎቻችን ያየነውን እንጨምራለን። እሳቸው መጨረሻ ላይ ነው የሚናገሩ። አንዳንዴም ጢማቸውን እየነካኩ ፈገግ ማለት ብቻ።

እኔ ግን ተራዬን ሳስተላልፍ ከረምሁ። ትናንት "ነገ ያንቺ ነው፤ ምክንያት አልሰማም" አሉኝ። ዛሬ ነበር ተራዬ።

ከቀብር ስንመለስ መሰለ ዓይኑ ቀልቶ "እንግዲህ ማን ሊሰማን? ጓዛችንን ሸክፈን ብንሄድ ነው የሚሻል" አለ። ከትክል ድንጋይ የመጡትም እሺ አሉ። እኔ እንደ ልማዴ ዝም አልሁ።

እዚህ ግን ልናገር። አትሂዱ። ከሄድን ያን "ገባን" ብቻ ይዘን ነው ልጆቹ ዘንድ የምንደርሰው። አያ ታከለ መጨረሻ የሚናገሩት እርስ በርሳችን መደማመጥ እንድንለምድ አልነበር? ለምደናል እኮ።

አያ ታከለ፣ አፈሩ ይቅለልዎ። ነገ ጠዋት ወደ ልቅሶው ከመሄዳችን በፊት በሩን እከፍታለሁ። ባቄላውን እደረድራለሁ። የኋላውን አግዳሚ ማንም አይቀመጥበትም፤ የእርስዎ ነው። ድምፄም እስከዚያ እንዲደርስ ጮክ ብዬ አስተምራለሁ።

መሰለ ብቻውን ቢመጣም ተራዬን አላስተላልፍም።