ሰርክአዲስ በስክሪን ላይ ያቆመችው ሂላ

ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጎን፣ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ፊልምና ዘፈን በፍላሽ የምትጭን ሰርክአዲስ የምትባል ሴት አለች። የሷን ነገር ከዚህ አፍ አሳምሮ የሚያወራ ካለ ይምጣ፤ የለም።

ኮምፒውተሯ አሮጌ ነው። ጥቁር ስክሪኑ ላይ ትእዛዝ ትጽፍለታለች፣ እሱም ዝም ብሎ ይገለብጣል፤ ሲጨርስም ዝም ነው። ቀትር ላይ እዚያ አገር እንኳን ሰው ግድግዳውም ያንቀላፋል። ሰርክአዲስም በእንቅልፍና በንቃት መሀል ሆና፣ ፋይሉ እንደ ሽንፋ ወንዝ ካንዱ ወዳንዱ ቀስ እያለ ሲፈስ ይታያታል። ለሷ ይታያታል። ለደንበኛው ግን ጨለማ ነው።

አንድ ቀን ባንተአምላክ የሚባል ሰሊጥ አጫጅ መጣ። ሥራው አልቆ ወደ ጎጃም ሊገባ ነው። የስልኩ ሚሞሪ እያጣጣረ ነው። ውስጡ የእህቱ ሠርግ አለ፤ ሠርጉ ላይ እናቱ ይጨፍራሉ። እናቱ ክረምት ላይ አርፈዋል፣ ሌላ ምስል የላቸውም።

ሰርክአዲስ ሚሞሪውንም ፍላሹንም ሰካች፣ ትእዛዙን ጻፈች። ስክሪኑ ዝም አለ። ባንተአምላክ ቆየ ቆየና ፍላሹን መዝዞ ነቀለው።

«ምነው ወንድሜ፣ ሳያልቅ?»

«ቆሟል እኮ። ትራክተር ድምፁ ከጠፋ ቆሟል ነው።»

የትራክተር ነገር ከተነሣማ፣ አንዱአምላክ የሚባል ሾፌር ነበረ፤ ሞተር ካልጮኸለት እንቅልፍ አይወስደውም። ይሁን፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

የተገለበጠው ተበላሸ። ሚሞሪው ሁለተኛ መገልበጥ ይችል አይችል እንጃ። ሰርክአዲስ ግን አልተቆጣችም።

«እናንተ ማሳ ላይ ሥራው የት እንደደረሰ በምን ታውቃላችሁ?»

«ሂላውን እናያለና። የታጨደው ታስሮ እንደ ጎጆ ቆሟል፣ ያልታጨደው ወዲያ ይታያል። ይሄም ጠፍቶሽ ነው የቆላ ልጅ ነኝ የምትይ?»

ሳቀች። ከዚያ ፋይሉን በጥቂት በጥቂቱ እንዲወስድ፣ አንዱን ክፍል በጨረሰ ቁጥር አንዲት ምልክት እንዲያቆም፣ ከጎኗም ከመቶ ስንት እንደደረሰ እንዲጽፍ አድርጋ ትእዛዙን አስተካከለችው። ባንተአምላክ በጎንደር አድርጎ አገሩ የሚገባበት አውቶቡስ ረዳት ውጭ «ጎንደር፣ ጎንደር» ይላል።

ምልክቶቹ አንድ ባንድ ቆሙ። ባንተአምላክ ዓይኑ ፈዘዘ፤ ጥቁሩ ስክሪን ጀምበር ያዘቀዘቀችበት ማሳ መሰለው፣ ከማዶ ሰዎች ጎንበስ ቀና የሚሉ መሰለው። ቁጥሩ ሰባ ላይ ቀጥ አለ። ጥሩምባው ተነፋ። እጁ ወደ ፍላሹ ሄደ።

«ሠላሳ ቀረው» አለ ለራሱ፣ እጁንም ጭኑ ሥር ከተተ።

«አውቶቡሱ እየሄደብህ ነው» አለችው።

«ይሂድ። ሠላሳውን ትቼ የት እገባለሁ?»

አውቶቡሱ አቧራውን አልብሷቸው ሄደ። ብዙ ቆይቶ አንዲት ምልክት ቆመች። ቀጥሎ ሌላ።

መቶ ሲሞላ ሠርጉን ከፍታ አሳየችው። እናቱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው፣ አንገታቸውን ሰበር እያደረጉ ወደ ካሜራው መጡ። ባንተአምላክ ወንበሩን ወደፊት ሳብ አደረገ።