ለአማቴ የገዛሁት ቶብ

የምወዳት ልጅ «ለእናቴ ስኳር ይበቃል» ብላኝ ነበር። ሁለት ኪሎ ስኳር፣ ከተገኘም አንድ ሁለት ሳሙና። ያኔ ስኳር በቀበሌ ካርድ ነበር የሚታደለው፤ ሁለት ኪሎ ይዞ ሰው ቤት የገባ እንግዳ እንደ ትልቅ ሰው ይቆጠራል። እኔ ግን ምክር የሚሰማ ሰው አልነበርሁም። ትዕቢት ነበረብኝ፤ ዛሬም ጨርሶ አልለቀቀኝም።

ከጎጃም ወደ መተማ ቆላ የወረድሁት ለሰሊጥ አጨዳ ነው። አጨዳው ሲያልቅ ጓደኞቼ ወደየአገራቸው ተመለሱ። እኔ ወባው ሳይጨርሰኝ ስለ ቀረ ኮኪት አጠገብ ካለው የመንግሥት እርሻ ተቀጠርሁ፤ በረዳትነት ጀምሬ ትራክተር ነጂ ሆንሁ። እሷ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ሆና ወደ ካምፓችን መጣች። የቆሎ ተማሪ ሆኜ ዳዊት የደገምሁ ሰውዬ፣ ሀ ሁ እንደማይለይ ሆኜ ተመዘገብሁ። በሦስተኛው ሳምንት ነቃችብኝ። «ይህን ያህል ፈጥኖ የሚማር ትራክተር ነጂ አይቼ አላውቅም» አለችና ሳቀች። እንዲህ ነው የተጀመረው።

ዓመት ሲሞላን መተማ ዮሐንስ ያሉት ወላጆቿ እንዲያዩኝ ወሰነች። ወጉ ሽማግሌ መላክ ነው። እሷ ግን «መጀመሪያ መልክህን ይወቁት፤ ሽማግሌው ሲመጣ ማን ነው ብለው አይጨነቁም» አለች። ያም ሆኖ ለወላጆቿ «የምወደው ሰው» ማለቱን አልደፈረችም። «ከእርሻው አንድ ሰው ሊያያችሁ ይመጣል» ብላ ተወችው። ለእኔ ደግሞ «አንድ ወንድም ነበረኝ፤ ሞቷል» ብላኝ ነበር። እንዴት እንደ ሞተ ስጠይቃት ፊቷን አዞረች። በዚያ ዘመን የአንድን ወጣት አሟሟት ደጋግሞ መጠየቅ ደግ ስላልነበረ ተውሁት።

ስለ ስጦታው ሳምንት ሙሉ ስብሰለሰል ሰነበትሁ። ስኳር ይዤ ብገባ «የቀን ሠራተኛ ነው» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። በግ እንዳልነዳ ጾም ነው። ከአገሬ ማር ላስመጣ ብል ወር ይፈጃል። ደጋ የለመደው ዓይኔ በቆላ ካየው ሁሉ ያማረው ቶብ ነበር፤ የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉበት ስስ ረጅም ጨርቅ። ሸሕዲ ከተማ ሱቅ ካለው አንድ ሙስሊም ነጋዴ ዘንድ ሄድሁ። ከማሽላ ጆንያ ሥር ሰማያዊ ቶብ መዝዞ አወጣልኝ። የኮንትሮባንድ ዕቃ ነበርና ግልጽ ቦታ ላይ አያስቀምጠውም።

«ለማን ነው?» አለኝ።

«ለአማቴ» አልሁት፣ ገና ሳይሆኑ።

ትንሽ አየኝና «ደጅ ላይ እንዳትፈታው» አለ። ስለ ኬላ ፈታሾቹ መስሎኝ አመስግኜው ወጣሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታቸው ገባሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አባትየው መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሰሊጥ ደላላ ነበሩ፣ ንግዱን መንግሥት ከያዘው ወዲህ ሥራቸው ያው መቀመጥ ነው። እናትየው በጣሳ ውኃ አቀበሉኝ። እሷ ምሰሶው ሥር ቆማ ሳቋን ትደብቃለች። ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ አገሬን፣ ወገኔን፣ ሥራዬን የሚናገር። ስጦታው ከቀደመ ንግግሩ ይቀልልኛል ብዬ ጥቅሉን በሁለት እጄ ለእናትየው ሰጠሁ።

ፈቱት። ሰማያዊው ብቅ ሲል እጃቸው ቆመ። ተነሥተው በሩን ዘጉ። ተመልሰው ቶቡን ፊታቸው ላይ አድርገው አሸተቱት።

«ልጄ ደኅና ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

ግራ ገብቶኝ ወደ እሷ ዞርሁ። ፊቷ ዐመድ መስሏል።

«ስሙን አትጥራው። የት እንዳለም አትንገረኝ። ራስህን ብቻ ነቅንቅልኝ፤ አለ?»

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ዝርዝሩን የሰማሁት ግን ኋላ ነው። ወንድሟ ከብሔራዊ ውትድርና ሸሽቶ ድንበሩን ተሻግሯል፤ ቤተሰቡ እንዳይታሰር «ሞተ» ብሎ አልቅሶ፣ ተዝካር አብልቶ ተቀምጧል። ማዶ የተሻገረ ልጅ ደብዳቤ አይልክም፤ ደብዳቤ ያሳስራል። የሚልከው ጨርቅ ነው። የማይታወቅ ሰው ቶብ ይዞ ይመጣል፤ አምጪው ስም አይጠራም፣ ተቀባዩም አይጠይቅም፤ ጨርቁ ራሱ «አለሁ» ማለት ነው። ይህን በዚያ አገር ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ሦስት ዓመት ኖሬ ያወቅሁት ሰሊጥና ትራክተር ብቻ ነበር።

ራሴን ነቀነቅሁ።

ሲመቸኝ ርኅራኄ ነው እላለሁ። እውነቱን ከተናገርሁ ግን ፍርሃት ነው። ዓይን ዓይኔን እያዩኝ «የለም፣ ከሱቅ ገዝቼው ነው» የምልበት አፍ አልነበረኝም። እናትየው «የእናትህን ዕንባ እግዜር ያብስላት» እያሉ እጄን ሳሙት። እናቴ በሕይወት አልነበረችም።

አባትየው በሩን ገርበብ አድርገው ደጁን ቃኙና ወደ እኔ መጡ። «አንተ ልጅ፣ እግዜር ይስጥህ፤ ውለታህ አይከፈልም። ከዛሬ ወዲያ ግን እዚህ ቤት እንዳትታይ። አገሩ ተዝካሩን በልቷል። መልእክተኛ ሁለቴ ከታየ ሁላችንም እናልቃለን።»

ሴት ልጅዎን ፈልጌ ነው የመጣሁት ልል አፌን ከፈትሁ። ያን ካልሁ ግን የነቀነቅሁት ሐሰት ሊሆን ነው። አፌን ዘጋሁ። በጓሮ በኩል አስወጡኝ።

በሳምንቱ ሸሕዲ አውቶቡስ መቆሚያ ተገናኘን።

«ስኳር አላልሁህም?» ነው ያለችኝ መጀመሪያ።

«ሞቷል አላልሽኝም?» አልኋት እኔም። ዓመት ሙሉ ሳታምነኝ መኖሯ አንገብግቦኝ ነበር።

«አባዬ አስምሎናል። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም።»

«እንግዲያው እውነቱን ልንገራቸውና ሽማግሌ ልላክ።»

«እማዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው እህል በወጉ የቀመሰችው። ሥራ ስትሠራ ታንጎራጉራለች። ሂድና ከልጅሽ ምንም አልመጣም በላት፤ ከዚያ ና አግባኝ።»

«ካልነገርኋቸውስ?» አልኋት።

«ካልነገርሃት ደግሞ፣ መጥታ ስለ እሱ በጠየቀችህ ቁጥር ስትዋሻት እያየሁ ልኑር? አልችልም» አለች። ዕንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና አውቶቡሱ ላይ ወጣች። በተከታዩ ዓመት ጎንደር ላለ የመንግሥት ሠራተኛ ዳሯት፤ ሽማግሌ ልኮ፣ እንደ ወጉ። ምን ይዞ እንደ ሄደ አልጠየቅሁም። ስኳር ይሆናል።

ደርግ በወደቀ በመንፈቁ የትራክተር ዕቃ ልፈልግ ሸሕዲ ወጣሁ። ያን ሰሞን ስደተኛው ከሱዳን በጭነት መኪና ይመለስ ነበር። ገበያው መሐል አንዲት አሮጊት ክንዴን ጨበጡኝ፤ እናትየው ናቸው። በየቀኑ ከመኪና የሚወርደውን ሰው ፊት ፊቱን ሲያዩ እንደሚውሉ ሰምቼ ነበር።

«የት ነው ያገኘኸው?» አሉኝ። «ገዳሪፍ ነው ካርቱም? ሄጄ አመጣዋለሁ።»

ያን ቀን ያጣሁት ድፍረት መጣልኝ፤ ምን ዋጋ አለው ዘግይቶ። ነገርኋቸው። ልጅዎን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ቶቡን የገዛሁት እኔ ነኝ፣ እዚሁ ሸሕዲ፤ የመጣሁትም ሴት ልጅዎን ፈልጌ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ አልኋቸው።

እስክጨርስ ሰሙኝ። ግራ ቀኝ አዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ደርግ ወድቋል እኮ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «አሁን ማንን ትፈራለህ?»

እጄን ይዘው መልሴን ጠበቁ።