አሥራ አንድ ማሊያ የነበረው ቡድን

ቡድናችን አሥራ አንድ ማሊያ ነበረው። አሥራ ሁለተኛ አልነበረንም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለወግ አይደለም፤ በኋላ የተሳሳትኩት ስሕተት ከዚህ ስለሚነሳ አንባቢ መጀመሪያ ይህን ማወቅ አለበት።

ማሊያዎቹን የሰፋልን ንፋስ ስልክ መንገድ ዳር መኪናውን ዘርግቶ የሚውል ልብስ ሰፊ ነው። ጨርቁ አቡጀዲ ነበር። አረንጓዴ ቀለም ነክረነዋል፤ ዝናብ በመታው ቁጥር ግን ቀለሙ እየለቀቀ የተጫዋቾቻችንን ደረት አረንጓዴ ያደርገው ነበር። አንድ ሰው ተጎድቶ ሲወጣ ማሊያውን ሜዳው ዳር ያወልቃል፤ የሚተካው ያንኑ በላብ የራሰ ማሊያ አጥልቆ ይገባል። ስለዚህ ለእኛ ማሊያ ማለት ተጫዋቹ፣ አሥራ አንዱ ማሊያ ማለት ቡድኑ ነበር። አንድ ክለብ ከዚያ በላይ ሊኖረው ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው በመካከላችን አልነበረም።

እኔ ያን ጊዜ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ነበር። ኳስ አልችልም። የቡድኑ ጸሐፊ ያደረጉኝ ጽሕፈቴ ስለሚነበብና የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ቁልፍ እኔ ዘንድ ስለነበር ነው። ተጫዋቾቹ ልብሳቸውን የሚለውጡት እዚያ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በተሰባበሩ ዴስኮች መካከል ነበር። ግማሾቹ በየፋብሪካው የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ ጠዋት ላፍቶና ሀና ማርያም አርሰው ከሰዓት በኋላ የሚመጡ የገበሬ ልጆች። አምበላችን ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጥ አናጢ ነበር።

በዋናው መንገድ ወደ ከተማ ሲኬድ የአንድ ትልቅ ፋብሪካ ክለብ ነበር። ከከተማው ሀብታም ክለቦች አንዱ ነው። ተጫዋቾቹ በፋብሪካው ውስጥ ሥራ ይሰጣቸዋል፣ ከሰዓት በኋላ ለልምምድ ይለቀቃሉ። ሜዳችን ስለሚቀርባቸው አልፎ አልፎ በራሳቸው ካሚዮን እየመጡ ለልምምድ ያህል ይገጥሙናል። ሰባት ኳስ ይዘው ይመጣሉ። የእኛ አንዲቱ ኳስ ከመነዳሪዋ፣ የውስጥ ጎማዋ፣ ሦስት ቦታ ተለጥፏል።

መጀመሪያ የመጡ ቀን ሰባት ለባዶ አሸነፉን። በሌላ ጊዜ አምስት አገቡብን፤ ቀጥሎ አራት፤ ቀጥሎ ሁለት። በአምስተኛው ግጥሚያ የገባብን አንድ ጎል ብቻ ነበር፤ እሱም ኳሷ ድንጋይ ነክታ ተጣማ ነው የገባችው።

እኔም አንድ ትልቅ ወረቀት አምጥቼ በካሬ በካሬ ከፋፈልኩና የገባብንን ጎል ከግጥሚያ ግጥሚያ በቀይ መስመር አገናኘሁት። ዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ሁሉንም ሰበሰብኳቸው።

አምበሉ አንገቱን አዘንብሎ አየው። «መምህር፣ ይሄ መስመር ወደ ታች ነው እኮ የሚወርደው። ማደግ ወደ ላይ አይደለም እንዴ?»

«የገባብን ጎል ነው። ሲወርድ ነው ማደጋችን» አልኩ።

«በል እሺ፣ ወርደን እንደግ» አለ፤ ሁሉም ሳቀ። ሲስቁ ግን ዓይናቸው ከወረቀቱ ላይ አልተነሳም። በሕይወታቸው ስለ እነሱ የተጻፈ ነገር ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያን ቀን የመጀመሪያቸው ይመስለኛል።

ሐቁን ለመናገር፣ የሚመጡት ሰዎች መልክ እንደሚለዋወጥ አይተን ነበር። ከሜዳው ዳር ተመልካቾች ሲነጋገሩበት እሰማለሁ።

«ያ ወፍራሙ ዘጠኝ ቁጥራቸው የታለ?»

«እሱ ራሱ ነው፣ ከስቶ ነው እንጂ።»

«አንተ ደግሞ! የፋብሪካ ምሳ የሚበላ ሰው ምን ሆኖ ይከሳል?»

«እንግዲያው አባረውት ይሆናል።»

እኔ ደግሞ ጣልቃ ገብቼ አስረዳኋቸው። ሀብታም ክለብ ትዕግሥት የለውም፤ ዛሬ የቀጠረውን ነገ ያባርራል፤ ተጫዋቾቹ ሳይተዋወቁ ይለያያሉ፤ እየደከሙ የመጡት ለዚህ ነው አልኩ። በደንብ አድርጌ ነው ያስረዳሁት። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ማብራሪያዬ እርስ በርሱ የተያያዘና የሚያሳምን መሆኑ ነው።

አሁን ወደ በረኛችን ልምጣ። የእኔ እኩያ ነው፤ የላፍቶ ገበሬ ልጅ። ከሁለተኛው ግጥሚያ ጀምሮ ጎሉን የሚጠብቀው እሱ ነበር። ሞፈር የለመደ እጁ ኳስ ሲይዝ ኳሷ የተጣበቀች ትመስላለች። በጥቅምት የፋብሪካው ክለብ ቡድን መሪ ከልምምድ በኋላ ጠርቶት ሥራ እናስገባሃለን፣ ለእኛ ትጫወታለህ አለው። መልሱን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እንዲያመጣ ነገረው።

በማግሥቱ አባቱ ትምህርት ቤት መጡ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ዕረፍት እስኪደወል ከክፍሌ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ» አሉኝ። «እኛ የምናርሰው የሰው መሬት ነው። ባለርስቱ ለቤት መሥሪያ እየሸነሸነ መስጠት ጀምሯል። ከጎረቤታችን ማሳ ላይ ችካል ተተክሏል። የእኛ ዘንድሮ ይሁን ከርሞ አናውቅም። ልጁ ፋብሪካ ይግባ ወይስ አይግባ? እሱ መምህሩ ያለውን አደርጋለሁ ይላል።»

መልሱ ቀላል ነበር። ይግባ፣ ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ይህ ሰው ከሄደ ቀዩ መስመሬ ወዴት እንደሚሄድ አውቅ ነበር። አባቱን ወደ ዕቃ ቤት አስገባኋቸውና ወረቀቱን አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ ጣታቸውን ይዤ ከሰባቱ እስከ አንዱ በመስመሩ ላይ ወሰድኩት።

«ይሄ ሁሉ የእኔ ልጅ ነው?»

«የሁላችንም ነው፣ አባባ። አንድ ዓመት ብቻ ይታገሡ። በከተማው ዋንጫ ጥሩ ከተጫወትን ከፍ ወዳለው ምድብ እንገባለን። ያን ጊዜ እሱን አንድ ፋብሪካ ሳይሆን አምስት ፋብሪካ ይፈልገዋል። የሚሻለውን ይመርጣል።»

ወረቀቱን እንደገና አዩት። «አንተ ካልክ እንግዲህ» አሉ። ልጁም ሄዶ ለቡድን መሪው እምቢ አለ።

በግንቦት የከተማው ዋንጫ ዕጣ ሲወጣ የደረሰን ያው የፋብሪካው ክለብ ነበር። ዕቃ ቤቱ በሆታ ተናጋ። ከሌላ ሀብታም ክለብ ጋር ብንመደብ እንፈራ ነበር፤ እነዚህን ግን እናውቃቸዋለን። «የቀረችን አንዲት ጎል ናት» ይል ነበር አምበሉ ሳይቀር።

ጨዋታው ከተማ ውስጥ ነበር። ከንፋስ ስልክ ግማሹ ሰው በአውቶብስ፣ ግማሹ በእግሩ መጣ። ባለጋሮች ሳይቀሩ ፈረሶቻቸውን አስጠብቀው መጥተዋል። የፋብሪካው ቡድን ሲወጣ ማሊያው ያው የምናውቀው ነበር። በማሊያው ውስጥ ያሉትን ሰዎች ግን፣ ከዚያ ከወፍራሙ ዘጠኝ ቁጥር በቀር፣ አንዱንም ማስታወስ አቃተኝ።

«ዛሬ ደግሞ አዲስ ሰዎች ይዘው መጡ» አልኩ ከጎኔ ላለው ሰው።

«ጥሩ ነው፣ አልተዋወቁም ማለት ነው» አለኝ። ከእኔው የተማረው ነው።

በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ሁለት ገባብን። ዕረፍት ሲወጡ አምስት ነበር። ሲያልቅ ዘጠኝ ለባዶ። በረኛችን ያዳነውን አልቆጠርኩትም፤ አንዱን ከመሬት ሳይነሣ በክርኑ መለሰው፣ ሌላውን ቋሚው ሥር ተወርውሮ ያዘው። ከኋላችን ያሉ የማናውቃቸው ሰዎች «ይሄ ልጅ ባይኖር አሥራ አምስት ነበር» ይባባሉ ነበር። የእኛ ሰዎች ግን ከሰባተኛው ጎል በኋላ መሄድ ጀምረው ነበር።

በአጥሩ በኩል ስወጣ ያ ቀጭኑ ዘጠኝ ቁጥር፣ በመጨረሻው ግጥሚያ ሜዳችን ላይ ያየነው፣ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ አገኘሁት። አምስት ስድስቱ በመልክ የማውቃቸው ነበሩ። የተባረረ አልነበረም።

«መምህር! ና ቁጭ በል፣ ኦቾሎኒ ብላ» አለኝ።

«ዛሬ ለምን አልተጫወታችሁም?»

ሳቀ። «ዋንጫ እኮ ነው። ለዋንጫ እኛን ማን ያስገባናል?»

«እናንተ ዋናው ቡድን አይደላችሁም እንዴ?»

«ዋናዎቹማ እነዚያ ናቸው። እናንተ ጋ አንድ ጊዜ መጥተዋል፣ መጀመሪያ። ከዚያ አሠልጣኙ ሜዳው ድንጋያማ ነው፣ እግራቸውን ይሰብሩብኛል ብሎ ተጠባባቂዎቹን ይልክ ጀመር። በኋላማ የተገኘው ሁሉ ነው የሚመጣው። አንድ ለባዶ የወጣን ጊዜ ግማሾቻችን ሙከራ ላይ ነበርን። ሁለቱ እንዲያውም ወድቀው ቀርተዋል።»

«ማሊያው ግን ያው ነው» አልኩት።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም። «ማሊያማ መጋዘን ሙሉ አለ» አለኝና ኦቾሎኒውን ዘረጋልኝ።

ወደ አውቶብሱ እየሄድኩ በሐሳቤ ሠራሁት። ከአምስቱ ቁጥሮች አራቱ የሚሰረዙ ናቸው፤ እኛ ስላደግን ሳይሆን የሚላኩልን ሰዎች እየደከሙ ስለሄዱ የወረዱ ናቸው። ከዋናው ቡድን ጋር የተጫወትነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱ ሰባት፣ ሁለተኛው ዘጠኝ። ያውም ሰባት የገባብን ቀን በረኛችን ገና ቡድኑን አልተቀላቀለም ነበር። እሱ እያለም ዘጠኝ ገባ። እኛ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሰዓት በኋላ እስከ ምሽት ስንለፋ እነሱ ከእኛ በበለጠ ፍጥነት እየራቁ ነበር። ለተማሪዎቼ ሁለት መጠኖች የሚነጻጸሩት መለኪያቸው አንድ ሲሆን ነው ብዬ አስተምራለሁ።

አውቶብሱ ውስጥ ለአምበሉ ነገርኩት።

«እና መስመርህ አሁን ወደ ላይ ዞረ በለኛ» አለ። በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም። በረኛው ከፊታችን ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ የተላጠ ክርኑን በጨርቅ ያብስ ነበር።

ሰኞ አብሬው ወደ ፋብሪካው ሄድኩ። ዘበኛው ቡድን መሪውን ጠራልን። ጨዋ ሰው ነው፤ በር ድረስ መጥቶ ሁለታችንንም ጨበጠን።

«ልጁ ጎበዝ ነው» አለ። «ስለ እሱ ስናወራ ነው የከረምነው። ግን በጥቅምት እምቢ ሲለን ከሌላ ቦታ ሁለት በረኛ ወሰድን። ሦስተኛ ምን እናደርገዋለን?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «እንዲቆይ የመከርኩት እኔ ነኝ። እሱ ሊመጣ ፈልጎ ነበር።»

ቡድን መሪው አንገቱን ነቀነቀ። በረኛው ያን ጊዜ ነው የተናገረው። «ኳሱ ይቅር፣ ጌታዬ። ሌላ ሥራ የለም? መሸከምም ቢሆን።»

«ለመሸከምማ ተራ የሚጠብቀውን እያየኸው» አለና ከበሩ ወዲያ ግንብ ተደግፈው የቆሙትን ሰዎች አመለከተ። ከዚያ ሊያጽናናን ፈልጎ ይመስለኛል፣ «ሜዳችሁ እንኳ ይመቸናል፣ በመስከረም እንመጣለን» አለን።

ስንመለስ ማስረዳት ጀመርኩ። ማሊያው እንዴት እንዳሳሳተን፣ ማንም ሰው በእኔ ቦታ ቢሆን እንደዚያ ሊያስብ እንደሚችል…

«ተወው በቃ» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ብቻ ድምፄን መስማት ደክሞታል።

ለአባቱ ራሴ ሄጄ ነገርኳቸው። ደጃፋቸው ላይ ቆሜ እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ «አንተም አላወቅህም ነበር» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያለማወቄን ነበር እንደ እውቀት አድርጌ በጣታቸው ያስነካኋቸው።

በክረምቱ መጨረሻ ችካሉ የእነሱም ማሳ ላይ ተተከለ። አባቱ በሬዎቻቸውን ሸጡ። በረኛው ከሜዳችን ማዶ፣ ቤት በሚሠራበት ቦታ ላይ ድንጋይ ማመላለስ ጀመረ። ከልምምድ ቀረ፤ የቀን ሥራ ከሰዓት በኋላ አይለቅም።

የፋብሪካው ክለብ በቃሉ መሠረት በመስከረም መጣ። ከተጠባባቂዎቻችን አንዱ በረኛ ሆኖ ገባ። ለዕረፍት ሲወጡ አራት ገብቶብን ነበር። እግሬ ወደ ማዶ ወሰደኝ። በረኛው የባሬላውን አንድ ጫፍ ይዞ ድንጋይ እየተጫነለት ቆሞ ነበር። ፊቱ በሙሉ አቧራ ነው።

«ስንት ሆነ?» አለኝ።

«አራት።»

«የትኞቹ ናቸው የመጡት?»

«አብዛኞቹን አላወቅኋቸውም።»

«ጠይቃቸው እንጂ።»

ፎርማኑ ጮኸበት። እሱና ጓደኛው ባሬላውን አንስተው እኩል እየረገጡ ሄዱ። እኔ ወደ ሜዳው ተመልሼ ጨዋታው እስኪያልቅ ቆምኩ፤ ያ ቀጭኑ ዘጠኝ ቁጥር በአጠገቤ ሁለት ጊዜ አልፏል፤ አልጠየቅኩትም።