የሱዳኑ ሲም

እኛ መተማዎች የአገራችን ኔትወርክ ሲጠፋ የሱዳን ሲም እናስገባለን፤ አንቴናው ከድንበሩ ድልድይ ማዶ ስለሆነ ጓዳ ድረስ ይሰራል። ባሌ አሜሪካ ሆኖ እኔን ሊወስድ ሲያመለክት "ኢሜይል ክፈቺ" ቢለኝ፣ በዚያው በሱዳን ቁጥሬ አስከፈትሁ። እሱ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ "እኔ መንገድ ላይ ነኝ፣ ደብዳቤው ሁሉ ወደ አንቺ ይምጣ" ብሎ የእኔን ኢሜይል ብቻ አስመዘገበ።

ማመልከቻው ተፈቀደ። ፋይሉ እዚያው አሜሪካ ወዳለው የቪዛ ማዕከል ተላለፈ፤ ወረቀት ሲሟላ አዲስ አበባ ወዳለው ኤምባሲ ይሄዳል፣ ዓመት ሙሉ ዝም ካልናቸው ግን ይዘጉታል ተባልን።

ከዚያ በኋላ ማዶ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሳ፤ ሲሙ ሞተ። ስልኬም ተሰበረና አዲስ ስገዛ ኢሜይሉ "ኮድ ወደ ቁጥርሽ ልከናል" አለኝ። ወደ የትኛው ቁጥር? ገንዳ ውሃ ከተማ ድረስ ሄጄ ኮምፒውተር ቤት አስሞከርሁ። "ያለዚያ ቁጥር አይከፈትም" አሉኝ።

አምኖ ሰጥቶኝ "ጠፋብኝ" ማለቱ አሳፍሮኝ ለባሌ አልነገርሁትም። "ምን መጣ?" ሲለኝ "ጠብቁ ነው የሚሉ" እለዋለሁ። በየጠዋቱ ድልድዩ አጠገብ ሄጄ፣ ወታደሮቹ "ተመለሽ!" እስኪሉኝ የሱዳኑን ሲም አስገብቼ ስልኬን ወደ ማዶ ዘርግቼ እቆማለሁ። ዓመቱ ሊሞላ ምን ያህል እንደቀረው መቁጠሩን ፈርቼ ትቸዋለሁ።

ትናንት ደወለ። ድምፁ ቀዝቅዟል።

"ከኛ በኋላ ያመለከቱት ሰዎች እንኳ ሚስቶቻቸው መጡ። እውነቱን ንገሪኝ፤ መምጣቱን አልፈለግሽውም?"

"አይሰማም፣ ኔትወርኩ አስቸገረ" ብዬ ዘጋሁበት።

ኔትወርኩ እንደ ትናንት ጠርቶ አያውቅም።