ሃያ ስድስተኛው ደቂቃ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አላወጣሁትም። እናቴ አታውቀውም፤ የንስሐ አባቴም አያውቁትም። የመጀመሪያው ሰሚ አንተ ነህ።

ከጦርነቱ በፊት ካርቱም ውስጥ፣ ሳጃና ሰፈር ባለች ትንሽ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ረዳት ነበርኩ። ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም፤ የመመሪያ ወረቀት እያነበብኩ፣ ሌሎች ሲሠሩ እያየሁ ለመድኩት። ሐኪማችን የጨጓራ ባክቴሪያን የሚለየው ፈጣን የደም ምርመራ ምን ያህል እንደሚታመን ማወቅ ፈለገ። ስለዚህ የእያንዳንዱን ታማሚ የደም ውጤት በማግስቱ በኢንዶስኮፒ፣ ጨጓራን በሚያሳየው ባለ ካሜራ ቱቦ፣ ከሚታየው ጋር እናስተያይ ነበር። የእኔ ሥራ ደሙን መመርመሪያው ፕላስቲክ ላይ አንጠባጥቦ ልክ በአሥረኛው ደቂቃ ማንበብ ነው። አንድ መስመር ከወጣ ባክቴሪያው የለም፤ ሁለት ከወጣ አለ። አሥራ አምስት ደቂቃ ካለፈ አይነበብም፤ «አልተሳካም» ተብሎ ይጻፍና እንደገና ደም ይወሰዳል። በእኔ መዝገብ ላይ «አልተሳካም» የሚል ቃል አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም። በዚህ እኮራ ነበር።

ሰዓዳ የወሎ ልጅ ናት፤ አል-ማንሺያ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ከእህቷ ከዘሃራ ጋር መጣች። ጣቷን ስወጋት ዓይኔ ከሰዓቴ አልተነሳም።

«አንተ ዝምተኛ፣ ሚስትህንም በደቂቃ ቆጥረህ ነው የምታናግራት?» አለችኝ። ዘሃራ ሳቀች።

ወዲያው መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩን ላስነሳ ወጣሁ፤ እምቢ አለኝ። ስመለስ ሃያ ስድስት ደቂቃ ሆኗል። በስልኬ ብርሃን አየሁት። ሁለተኛው መስመር ማንም ሳያየው መጥቶ ተጋድሟል፤ ቀጭን፣ ቆዳ ሥር እንዳለ ደም ሥር።

ምን ጻፍኩ? «አሥረኛ ደቂቃ፤ አለባት» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ያላየሁትን ደቂቃ፣ እኔው በገዛ እጄ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ አላስቻለኝም። አዲስ ፕላስቲክ አውጥቼ፣ የማንንም ደም ሳልጨምር ከደሙ ጋር የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ ብቻ አንጠባጠብኩበት። በአሥረኛው ደቂቃ አንድ መስመር ብቻ። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ከነጩ ውስጥ የሆነ ነገር ቀስ እያለ መነሳት ጀመረ። ደም የለበት፣ ሆድ የለው፣ ሰው የለው፤ እሱ ግን «አለ» ይለኛል።

እንግዲህ አውቄያለሁ። መዝገቡ ፊቴ ነበር፤ እስክሪብቶውም እጄ ላይ። ለምን አልሰረዝኩም? አንዲት የስርዝ ምልክት ከአንዲት ሴት ሕመም በልጣብኝ?

በማግስቱ ለኢንዶስኮፒው መጣች። ቱቦ መዋጥ ፈርታለች።

«ወንድምዬ፣ ደሜ አንዴ ከተናገረ ቱቦው ምን ይሠራልኛል? ማዳሜም ቶሎ ተመለሺ ብላኛለች።»

«ያንቺ ፈቃድ ነው» አልኳት።

«ኸላስ፣ ይቅር!» አለች። የባክቴሪያውን መድኃኒት ይዛ በራክሻ፣ በዚያ አገር ባጃጅ፣ ሄደች።

ከአራት ወር በኋላ ደም አስታወከች። ሆስፒታል ሲያዩዋት የጨጓራ ካንሰር ነው፤ ተስፋፍቷል። በሳምንቱ ሞተች። ያኔ በቱቦው ቀድሞ ቢታይ ትድን ነበር? አላውቅም። ይህ «አላውቅም» ማምለጫዬ እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

ዘሃራ የእህቷን ወረቀቶች ልትወስድ ክሊኒክ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ቱቦውን ስትፈራ አላስጨነቅካትም» አለችኝ። «አዝነህላታል። አላህ ኸይሩን ይክፈልህ፣ ወንድሜ።»

«አሚን» አልኳት።

የዘሃራ ስልክ ቁጥር አሁንም እኔ ጋ አለ። እውነቱን ልነግራት አልደወልኩላትም። ስለዚህ አንተን ይቅር በለኝ አልልህም።